አባቱ ከስዊድን፣ ልጁ ከካንቶን

ቻርሊ ቻን የሚባለውን የሆኖሉሉ መርማሪ ፖሊስ የምናውቀው በስም ብቻ ነበር። ባለፈው ሰሞን ዶርም ውስጥ ተሰብስበን በሦስት ሌሊት አምስት ፊልሞቹን አየን። ሳቅን፤ ገዳዩ ማን ይሆን እያልን ሻይ ተወራረድን (እስካሁን ያሸነፈ የለም)። በአራተኛው ላይ ግን አንዷ ጓደኛችን፣ «ይኼ ሰውዬ እኮ ቻይናዊ አይደለም!» ስትል ጨዋታው ፈረሰ።

እውነቷን ነው። ዋርነር ኦላንድ የተወለደው ስዊድን ነው። ከ1931 እስከ 1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 16 ጊዜ ቻንን ሆኖ ተጫውቷል። የሚገርመው፣ በ1929 ፉ ማንቹ የተባለውን ክፉ ቻይናዊ የተጫወተውም እሱው ነው። ክፉውም ደጉም ቻይናዊ በአንድ ስዊድናዊ ፊት መጣ ማለት ነው። በ1938 ሲሞት የተተካው ሲድኒ ቶለርም የሚዙሪ ሰው ነው። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን እኮ ጃፓናውያን ተዋንያን ቻንን ተጫውተውታል፤ ያኔ ግን ክፍሉ ትንሽ ነበር። ዋና ሰው ሲሆን ነው ፊቱ የተለወጠው።

«ታዲያ ምን አለበት? ተዋናይ ማለት ያልሆነውን የሚሆን አይደል?» ያሉን አልጠፉም። ግማሹን እንቀበላለን። ኦላንድ ጎበዝ ነው፤ ሌላው ሲንጫጫ እሱ ዝም ብሎ ያያል። «ቻርሊ ቻን በግብፅ» (1935) ላይ፣ የጥንት ግብፃዊ አስከሬን አለበት የተባለውን ሣጥን በኤክስሬይ ሲያስነሣው ውስጡ ጥይት ሲታይ ያልደነገጠ አልነበረም። ግን በዚያው ፊልም ስቴፒን ፌቺት የተባለው ጥቁር ተዋናይ እየተጎተተና እየፈራ ሊያስቀን ሲሞክር መሳቅ አቃተን። ጥቁሩን እንዲህ የሚያይ ካሜራ ቻይናዊውን በቅንነት ያየዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሌላም አለ። ቻን የሚናገረው በምሳሌ ነው፤ ፊልሙም በዚህ እንድንስቅበት ይፈልጋል። ለእኛ በምሳሌ የሚናገር ሽማግሌ ምን ያስቃል? አባታችን ነው፤ የሰፈር ጠብ የሚያበርድ ሰው ነው። እዚያ ግን ምሳሌው ከተሰባበረ እንግሊዝኛ ጋር የባዕድነት ምልክት ሆኖ ተለጥፎበታል።

ፊልሞቹን አንስተን ከመጣል ያዳነን ኪይ ሉክ ነው። ካንቶን ተወልዶ ሲያትል ያደገ፣ ሠዓሊም የነበረ ሰው ነው፤ ከ«ቻርሊ ቻን በፓሪስ» (1935) ጀምሮ ሊ የተባለውን የበኩር ልጅ ይጫወታል። ይቸኩላል፣ ይሳሳታል፣ አባቱን ያናድዳል፤ እንግሊዝኛው የአሜሪካ ልጅ እንግሊዝኛ ነው። በኦሊምፒኩ ፊልም (1937) ለአሜሪካ ቡድን ሊዋኝ በርሊን ሄዶ ይጠለፋል። ያን ጊዜ በኦላንድ ፊት ላይ የሚታየው የአባት ጭንቀት ለአፍታ ስዊድንንም ካንቶንንም ያስረሳል።

ለአፍታ ነው እንጂ! በአሜሪካ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ በ1882 ወጥቶ የተሻረው በ1943 ነው። መርማሪው በሸራው ላይ ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን እያለ እንደ ልቡ ሲዞር፣ የወገኖቹ መግቢያ በር ዝግ ነበር። ሕዝቡም ገንዘብ ከፍሎ ያጨበጭብለት ነበር፤ እኛም ዶርም ውስጥ ሆነን አጨብጭበናል፤ አንዋሽም።

በሚመጣው ቅዳሜ «ቻርሊ ቻን በኦፔራ» (1936) ይቀጥላል፤ ቦሪስ ካርሎፍ አለበት። ውርርዱ እንዳለ ነው። ዓይናችን ግን ከእንግዲህ ልጁ ላይ ነው።