የጣሳው «ኢነርጂ» ስንት ደቂቃ ያስነዳል?

«ኢነርጂ ድሪንክ» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ጉልበት፣ አይደል? ማስታወቂያዎቹም የሚያሳዩን ይህንኑ ነው። አንዱ ጣሳ ይከፍታል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ዳገቱን እንደ ሜዳ ያቋርጠዋል። እኔ የተማርኩት ምሕንድስና ስለሆነ «ኢነርጂ» የሚል ቃል ሳይ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ስንት?» የሚል ነው። በሳይንስ ቋንቋ ኢነርጂ ስሜት አይደለም፤ በጁል ወይም በካሎሪ የሚለካ ነገር ነው። የሚለካ ከሆነ ደግሞ ልናሰላው እንችላለን። ስለዚህ ዛሬ ጣሳውን እንገምግመው፤ ስሙ የሚለውን ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ካፌይን ብስክሌት ነጂን በእውነት ያግዛል፤ ይህን የሚክድ ሰው ማስረጃውን አላየም። የጣሳው ስም ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ነዳጅን እና ንቃትን፣ አንድ ላይ አድርጎ ይሸጣል። ይህ መደባለቅ ደግሞ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በተለይ ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ለጤናችሁም የሚተርፍ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ባለ 250 ሚሊ ሊትር ሬድ ቡል እንውሰድ። ውስጡ 27 ግራም ስኳር፣ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ 1 ግራም ገደማ ታውሪን እና የተወሰኑ ቫይታሚኖች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለጡንቻ ነዳጅ የሚሆነው ስኳሩ ነው። 1 ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ፣ ጣሳው በድምሩ 110 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይዟል ማለት ነው። 80 ሚሊ ግራሙ ካፌይን በነዳጅነት ሲታይ ዜሮ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

አሁን ወደ ብስክሌቱ እንሂድ። ልምምድ ያለው ነጂ ለአንድ ሰዓት ያህል 200 ዋት ጉልበት ወደ ፔዳሉ ሊያስተላልፍ ይችላል እንበል። ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት 200 ሲባዛ በ3,600፣ ማለትም 720,000 ጁል ወይም 720 ኪሎ ጁል ይሠራል።

ሰውነታችን ግን እንደ ማንኛውም ሞተር ያባክናል። ከምንበላው ኢነርጂ ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ይሆናል (የሚያልበን ለዚህ ነው)። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ። 1 ኪሎ ካሎሪ 4.2 ኪሎ ጁል ነው፣ ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ፔዳሉ ላይ ለሠራችሁት ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ ጁል፣ ከምግብ 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ታወጣላችሁ። ይህን ሒሳብ ያዙት፣ ሌላ ጊዜም ይጠቅማችኋል።

እንግዲህ ነጂያችን በሰዓት 720፣ በደቂቃ 12 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። የጣሳውን 110 ለ12 ስናካፍል 9 ደቂቃ ይመጣል። በዝግታ፣ በ100 ዋት ለሚነዳ ሰው ደግሞ 18 ደቂቃ። አንድ መካከለኛ ሙዝም የሚሰጠው ይህንኑ ያህል ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ስኳር የሌለው ዓይነቱ ነው። ያለው ካሎሪ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ብስክሌት እንኳ የሚበቃው በመከራ ነው። ስሙ ግን ያው «ኢነርጂ ድሪንክ» ነው! በሳይንስ ትርጉም ኢነርጂ የሌለው ኢነርጂ ድሪንክ።

ታዲያ ያ ስሜት ከየት ይመጣል?

«እኔ ግን ስጠጣው የምር ይሰማኛል!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ይሰማችኋል። የሚሰማችሁ ግን ነዳጅ ሲጨመር አይደለም።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ሞለኪውል እየተጠራቀመ ይሄዳል። ይህ ሞለኪውል ነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ «ደክሞሃል፣ ቀስ በል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ካፌይን በቅርጹ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ መልእክቱን ግን አያስተላልፍም። ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እንደማይዞር ቁልፍ አስቡት።

በመኪና እንመስለው ካልን፣ ስኳር ቤንዚን ነው። ካፌይን ደግሞ የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራቱን በእጅ መሸፈን ነው። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ይህን ካልነገርኳችሁ ማታለል ይሆንብኛል። የአንጎላችን መብራት ጠንቃቃ ነው፤ የሚበራው ታንከሩ ሳያልቅ በፊት ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲደበዝዝ ነጂው ከተቆጠበው አቅም ጥቂት መጠቀም ይችላል። ካፌይን በእውነት የሚሠራውም ለዚህ ነው። አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያንኑ ፔዳል መምታት ቀለል ያለ ያስመስለዋል።

ቤተ ሙከራው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው ዴቪድ ኮስቲል እና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ዝነኛ ጥናት አለ። ዘጠኝ ተወዳዳሪ ብስክሌተኞች ከመንዳታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ቀን 330 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለው ቡና፣ ሌላ ቀን ካፌይኑ የወጣለት ቡና ጠጡ። ከዚያ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅማቸው 80 በመቶ ላይ ሆነው እስኪደክሙ ድረስ ነዱ። ውጤቱ? ካፌይን በሌለው ቡና 75.5 ደቂቃ፣ ካፌይን ባለው 90.2 ደቂቃ። ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ!

እንዲህ ያለ ቁጥር ርዕስ ሆኖ ሲወጣ ያምራል። ግን ቆም በሉና የተለካው ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። የተለካው «እስኪደክሙ ድረስ ስንት ደቂቃ ቆዩ» የሚለው ነው። ማንም ደግሞ እንደዚያ አይወዳደርም። ውድድር ማለት የተወሰነ ርቀት በአጭር ጊዜ መጨረስ ነው። ጥናቶች በዚህ መልክ ሲለኩ የካፌይን ጥቅም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ አካባቢ ይሆናል።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን አይጋጩም። ከአቅማችሁ ጫፍ አጠገብ ስትነዱ ጫናው በትንሹ ቢቀልላችሁ እንኳ የምትቆዩበት ጊዜ በብዙ ይረዝማል። ስለዚህ ትንሽ የጉልበት ለውጥ በ«ስንት ደቂቃ ቆዩ» መለኪያ ሲታይ ትልቅ መስሎ ይወጣል። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ውድድር ላይ 2 በመቶ ማለት 72 ሰከንድ ነው። ለባለሙያ ተወዳዳሪ ይህ ሜዳልያ ነው። ለእናንተና ለእኔ ግን የጎማ አየር፣ የነፋስ አቅጣጫ ወይም የትናንት ሌሊት እንቅልፍ በቀላሉ የሚያመጣው ልዩነት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሰባት የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ደጋግመው 10 ኪሎ ሜትር ነዱ። አንድ ጊዜ ካፌይን የሌለው፣ ሌላ ጊዜ መካከለኛ መጠን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከፍተኛ መጠን እንደሚወስዱ ተነገራቸው። እውነቱ ግን አንድም ጊዜ ካፌይን አልተሰጣቸውም ነበር። «ምንም የለውም» ብለው ሲያምኑ ጉልበታቸው በ1.4 በመቶ ወረደ። «መካከለኛ ነው» ሲሉ በ1.3 በመቶ፣ «ከፍተኛ ነው» ሲሉ በ3.1 በመቶ ጨመረ። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እምነት ብቻውን የካፌይንን ያህል ለውጥ ሊያሳይ እንደሚችል ይጠቁማል። እንግዲህ «ጠጣሁት፣ ፈጠንኩ» የሚለው የጓደኛችሁ ምስክርነት ለምን ማስረጃ እንደማይሆን ገባችሁ? የጠጣውን እያወቀ ስለጠጣው ነው።

ጣሳው ከቡና ይበልጣል?

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ስምንት የሠለጠኑ ነጂዎችን በንጹሕ ካፌይን እና ያንኑ ያህል ካፌይን ባለው ቡና ፈትኖ ነበር። ሁለቱም ሰዓታቸውን በ5 በመቶ ገደማ አሻሻሉ፤ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ታውሪን ብቻውን ያመጣል ለሚባለው ለውጥ ያለው ማስረጃ ደግሞ ከካፌይን ጋር ሲተያይ ደካማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጣሳው ውስጥ የሚያነቃችሁ ነገር በዋናነት ያው የአረቢካ ቡና ተክል፣ የትውልድ ቦታው በሆነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ፣ ነፍሳትን ለመከላከል ሲያመርተው የኖረው ሞለኪውል ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ ተጠቃሚዎች «ክንፍ ይሰጣችኋል» የሚለው ማስታወቂያ፣ መጠጡ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጥቅም እንዳለው ያስመስላል ብለው ሬድ ቡልን ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋተኛ መሆኑን ሳያምን እ.ኤ.አ. በ2014 በ13 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘጋው። ብዙዎች «ሰው እንዴት ክንፍ አልበቀለልኝም ብሎ ይከሳል?» እያሉ ሳቁ። የክሱ ፍሬ ነገር ግን ክንፉ ሳይሆን ያቺ ሲኒ ቡና ነበረች።

መጠኑ ላይ ስንደርስ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። አብዛኞቹ የስፖርት ጥናቶች የሚጠቀሙት መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው። የተጠኑትም በአብዛኛው የሠለጠኑ አዋቂዎች ናቸው። በሌላ በኩል የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለልጆችና ለወጣቶች አያሰጋም ያለው መጠን በቀን 3 ሚሊ ግራም ለኪሎ ግራም ነው። ቡናውም፣ ሻዩም፣ ኮካውም ተደምሮ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቤተ ሙከራው የሚጀምርበት ቦታ፣ ለእናንተ የቀኑ ጣሪያ ነው! 50 ኪሎ የሚመዝን የ15 ዓመት ልጅ ጣሪያው 150 ሚሊ ግራም ነው። ሁለት ትንንሽ ጣሳ 160 ሚሊ ግራም ይዟል፤ አልፏል ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ጭራሽ ኢነርጂ ድሪንክ በልጆችና በወጣቶች አመጋገብ ውስጥ ቦታ የለውም ብሏል።

ሌላው ነገር እንቅልፍ ነው። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ጣሳ የጠጣ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ 80 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጣሳ፣ ውስጡ አለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ገና 40 ሚሊ ግራም ይቀረዋል። ጡንቻ የሚጠገነውም፣ የተማራችሁት የሚረጋውም ደግሞ በእንቅልፍ ነው። የልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥ እና የሆድ መረበሽ ሲጨመርበት 2 በመቶው ውድ ይሆናል።

ስኳሩም ቢሆን ለነጂ በልክ የተሠራ አይደለም። የስፖርት መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ግራም ስኳር ሲኖራቸው፣ የኛ ጣሳ ወደ 11 ግራም ይጠጋል። የስኳር መጠኑ በበዛ ቁጥር መጠጡ ከሆድ ወደ አንጀት የሚያልፈው በዝግታ ነው። እንደ ነዳጅ ትንሽ፣ እንደ ንቃት መድኃኒት ደግሞ ከብዙ ስኳር ጋር የተጣበቀ፤ በሁለቱም በኩል ጎዶሎ መሣሪያ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

በባሕር ዳርም በሐዋሳም፣ ወይም በየትኛውም ከተማ ብስክሌት የምትነዱ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጉዞ ቁርሳችሁን ከበላችሁ ውኃ ይበቃችኋል። ረዘም ያለ መንገድ ከሆነ ሙዝ፣ ዳቦ፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ፤ እነዚህ የምር ኢነርጂ አላቸው፣ በካሎሪ የሚቆጠር። አዋቂ የሆነና ካፌይን የሚስማማው ሰው ከውድድር በፊት አንድ ሲኒ ቡና ቢጠጣ ሳይንሱ ከጎኑ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ከተወሰነ መጠን በላይ ካፌይን በስፖርት የተከለከለ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ ግን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። ከክልከላ ወጣ ማለት ግን ለ15 ዓመት ልጅ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ጣሳው ላይ መጻፍ ለእኔ ቢሰጠኝ «የካፌይንና የስኳር መጠጥ» ብዬ እጽፍበት ነበር። እንደማይሸጥ አውቃለሁ። እስከዚያው ግን ሥራው የእናንተ ነው። ቀጥሎ ጣሳ ስታገኙ ገልብጡና ከጀርባው ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ ካሎሪውን ለ12 አካፍሉ፣ ካፌይኑን ለክብደታችሁ አካፍሉ። የመጀመሪያው በ200 ዋት ስንት ደቂቃ እንደሚያስነዳችሁ ይነግራችኋል። ሁለተኛው 3 ከደረሰ፣ የቀን ድርሻችሁን በአንድ ጊዜ ጨርሳችኋል ማለት ነው። ያገኛችሁትን ሒሳብ ለዚያ «ጠጣሁት፣ ፈጠንኩ» ላለው ጓደኛችሁም አሳዩት።