ሲነጋ የማይለቅ ስካር፦ በአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ውስጥ ስላለው ለማኝ

አንባቢ ሆይ፣ በጉባኤያችን ምስክርነት ሲሰጥ መጠጥ የቱ ጋ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ሁልጊዜ «በፊት» ነው። ያለ ዕረፍት መሥራት ግን «በኋላ» ይመጣል፤ ስሙም ትጋት ይባላል። ይህን አከፋፈል እንድንጠይቅ የሚያስገድደን የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ስድስተኛ መጽሐፍ ነው።

አውግስጢኖስ ከ384 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚላን የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ ውዳሴ ሊያቀርብ በጭንቀት ሲዘጋጅ፣ በመንገድ ላይ ጠጥቶ የሚስቅ ለማኝ አየ። በውዳሴው ብዙ ውሸት እንዳለበት ያውቃል፤ የሚያጨበጭቡለትም ያውቃሉ። ያን ጊዜ ራሱን ከለማኙ ጋር አመዛዘነ። የለማኙ ስካር በዚያው ሌሊት ይለቀዋል፤ የእርሱ የክብር ጥማት ግን አብሮት ተኝቶ አብሮት ይነሣል።

የምንባቡ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ራሱ ስካር ሊሆን እንደሚችል በድፍረት ይናገራል። የአውግስጢኖስ ሰበብ ሹመት ነበር። የእኛ ሰበብ «የጌታ ሥራ ነው» የሚል ስለሆነ የሚገሥጸን አናገኝም።

ሆኖም ምንባቡ ጉድለት አለው። ለማኙ አንድም ቃል አይናገርም። ለምን እንደሚጠጣ፣ ሳቁ ምን እንደሚሸፍን የሚጠይቀው የለም፤ ለመምህሩ መስተዋት ሆኖ ያልፋል። እኛም ከመጠጥ የወጣውን ሰው ምሳሌ እናደርገዋለን። ታሪኩን ስለ ዘጋንበት፣ ዳግመኛ ሲጠጣ የሚናገርበት ቦታ ያጣል። ከዚያ ጸጸቱን በአገልግሎት ሊከፍል ይሮጣል፤ ሲደክመው ደግሞ ተደብቆ ይጠጣል። ሩጫውና ጽዋው አንድ ዕዳ ያባብላሉ።

«ኑዛዜ» ለእግዚአብሔር የቀረበ ጸሎት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ራስን መመርመር ብቻውን እንደማይበቃ ሉቃስ 15 በግልጽ ያሳያል። ታናሹ ልጅ በሩቅ አገር ሳለ ንግግሩን አዘጋጀ፤ መጨረሻው ከሞያተኞች እንደ አንዱ ለመቆጠር የሚቀርብ ልመና ነበር። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን አባቱ ፊት ሲቆም ያ ልመና አይሰማም፤ አባት ልብስ አምጡ ይላል። ታላቁ ልጅ ደግሞ የሠራባቸውን ዓመታት ሲቆጥር የተጠቀመበት የግሪክ ግስ የባሪያን አገልግሎት የሚያመለክት ነው። ገንዘቡን ያባከነውና እርሻ የዋለው ለራሳቸው የሚተርኩት አንድ ታሪክ ነው፦ የአባቴ ቤት የደመወዝ ቤት ነው። አባት ለሁለቱም ታሪካቸውን አይቀበልም።

ስለዚህ መድረክ ላይ የቆመውን ሰው «ከምን ወጣህ?» ብለን ብቻ አንሸኘው። «ዛሬ የምታገለግለው እንደ ልጅ ነው ወይስ ዕዳ እንዳለበት?» ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም ጊዜ ሰጥተን እንስማ። ጥያቄው አስቀድሞ የሚገባው ግን ጠያቂውን ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሳያገለግሉ ቢውሉ፣ ማታ በእግዚአብሔር ፊት ራስዎን ማን ብለው ይጠሩታል?