ግራና ቀኝ በተቀዱ ሥዕሎች

የተቀዳ ሥዕል ከምንጩ በተለየ ጊዜ ልዩነቱን የቀጂው ስሕተት ነው ማለት የተለመደ ፍርድ ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም እንላለን።

ራፋኤል በ1515 እና በ1516 እ.ኤ.አ. በሮማ ለሲስቲና ቤተ ጸሎት ሥዕላዊ መጋረጃዎች ታላላቅ ንድፎችን አዘጋጀ፤ ከእነርሱም 7ቱ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የብሩሴል ሸማኔዎች ንድፉን ቈራርጠው ከድሩ ሥር እያኖሩ ከጀርባ በኩል ስለ ሸመኑት፣ በንድፉ ላይ ግራ የነበረው እጅ በመጋረጃው ላይ ቀኝ ሆነ። ስለዚህ በኋላ የመጣ ሠዓሊ የቀዳው ከንድፉ ይሁን ከመጋረጃው ለመለየት የእጆቹ አቅጣጫ ትልቅ ምልክት ነው። በዚህ ስፍራ የልዩነቱ ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው።

በአገራችን ግን የግራና የቀኝ ነገር ከዚህ ጠለቅ ይላል። መካነ ሰላም የምትገኝበት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በጥንቱ የአምሓራ ግዛት ውስጥ ነበረ። ዐፄ በእደ ማርያም የመሠረቷት አትሮንሰ ማርያምም በዚሁ ግዛት ነበረች። ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ የቬኒሱ ሠዓሊ ኒቆላዎስ ብራንካሌዎን በዚያች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ቢሥላት ሕዝቡ ግራ የክብር ወገን አይደለም ብሎ ተቈጣ።

ብሩስ የሰጠው ምክንያት ግን ሁሉን አይፈታም። በሮማ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ላይም ሕፃኑ ያለው በእናቱ ግራ ክንድ ነው። ይህ ሥዕል በ1569 እ.ኤ.አ. እንዲገለበጥ ከተፈቀደ በኋላ ግልባጩ በኢየሱሳውያን እጅ ወደ ብዙ አገር ሄደ፤ ወደ እኛም ደረሰ። ኢየሱሳውያን በዐፄ ፋሲል ዘመን ሲባረሩ ሥዕሉ አብሮ አልተባረረም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ግራ ክንዱንና የተጣመሩትን እጆች እንዳሉ ጠብቀው፣ ሰይፍ የመዘዙትን ሚካኤልንና ገብርኤልን በግራና በቀኝ ጨመሩ። እንግዲህ ቀጂው የሚጠብቀውንና የሚጨምረውን የሚመርጥ ሰው እንጂ ዕውር ተከታይ አልነበረም።

ስለዚህ በቦረናና በሳይንት አድባራት ሥዕል ለመመዝገብ የሚወጡ ጓደኞቻችን፣ «ከውጭ የተቀዳ» ብለው ከመዝጋታቸው በፊት ሕፃኑ በየትኛው ክንድ እንዳለ፣ ምን እንደ ተጨመረና ምን እንደ ተተወ አስቀድመው እንዲጽፉ እናሳስባለን። የሠዓሊው ፍርድ የሚገኘው በእነዚህ ልዩነቶች ውስጥ ነው።