«ወደብ» ወይስ «በር»? በድር አገልጋይ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የስያሜ ሥራ ለአንድ ባዕድ ቃል ከመዝገበ ቃላት ውስጥ አቻ ፈልጎ መተካት ብቻ አይደለም። ስያሜ የሚመዘነው ከጎረቤት ስያሜዎች ጋር ተቀናጅቶ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ ነው። በዚህ መመዘኛ፣ ስለ ድር አገልጋይ አወቃቀር በሚቀርቡ ትርጉሞች የሚያጋጥሙንን ሁለት ስያሜዎች እንመርምር፤ ይኸውም ለ«ፖርት» የተሰጠውን «ወደብ» እና ለ«ቨርቹዋል ሆስት» የተሰጠውን «ምናባዊ አስተናጋጅ» ነው።

«ወደብ» የመርከብ ማረፊያ ነው። ሆኖም ኮምቦልቻ ባሕር ሳይኖራት የደረቅ ወደብ ባለቤት ስለሆነች፣ ቃሉ ከውሃ ርቆም መኖር እንደሚችል ተመስክሯል። ለ«ወደብ» የሚሟገቱ ሰዎች ይህን በማስረጃነት ቢጠቅሱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ቃሉ ወደ የብስ ሲሻገር ይዞት የመጣውን ፍሬ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኮምቦልቻም ቢሆን ወደብ ጭነት የሚራገፍበት፣ የሚከማችበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ሥፍራ ነው። በኮምፒዩተሩ «ፖርት» ግን የሚከማች ነገር የለም። እርሱ ከ0 እስከ 65,535 የሚደርስ ቁጥር ሲሆን፣ የመጣው መልእክት ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ ይለያል። ድር በተለምዶ 80ን፣ በምስጢር ለሚተላለፈው ደግሞ 443ን ይጠቀማል።

እንግሊዝኛው ቃል ሁለት የላቲን ዘሮች አሉት፤ «ፖርቱስ» ወደብ፣ «ፖርታ» በር ነው። የኮምፒዩተሩ ፍች ለኋለኛው ይቀርባል። ዐረብኛም በዚህ ረገድ «ሚናእ» የሚለውን የባሕር ወደብ ቃል ትቶ፣ መተላለፊያ ማለት የሆነውን «መንፈዝ»ን መርጧል። በአማርኛም «በር» ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይንኳኳል፣ ይጠበቃል፤ ባለሙያዎች ስለ «ፖርት» የሚናገሯቸው ግሦች እነዚሁ ናቸው። ቃሉ በቤት መዝጊያም አይወሰንም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሚያልፍበት ጣርማ በር ለዚህ ምስክር ነው። «በር ለ‹ጌትዌይ› ይፈለጋል» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ለእርሱ «ኬላ» የተሻለ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ኬላ የሚቆመው በሁለት ግዛቶች ድንበር ላይ ነውና።

ሁለተኛው ስያሜ ይበልጥ ያሳስባል። «ምናባዊ» በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር ነው፤ «አስተናጋጅ»ም የብዙውን ሰው ሐሳብ ወደ ምግብ ቤት ይወስዳል። የሚሰየመው ነገር ግን በእውን ያለ ነው፤ ይኸውም በአንድ መሣሪያ ላይ፣ በአንድ አድራሻና በአንድ በር፣ ብዙ ድረ ገጾች በየስማቸው አብረው ማደራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ጠያቂው የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም እንዲጠራ ስላስገደደ፣ ለእያንዳንዱ ስም የተለየ አድራሻ መመደብ ግድ መሆኑ ቀረ። አንድ ቤት ለሚጋሩ ሰዎች አማርኛ «ደባል» የሚል ቃል አለው። ስለሆነም «ደባል ድረ ገጽ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን።

ሁለቱን አገባቦች እናነጻጽር። «ምናባዊ አስተናጋጁ ወደብ 80ን ያዳምጣል» የሚለው እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ሆኖ ሳለ ዐረፍተ ነገሩ ትርጉም አይሰጥም። «አገልጋዩ በበር 80 ይጠብቃል፤ ጠያቂ ሲመጣ የተጠራውን ስም አይቶ ወደ ደባል ድረ ገጹ ይመራዋል» የሚለው ግን አሠራሩን ራሱን ያስተምራል።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ግቢ የሚማር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ወደብ» የሚለውን አንብቦ፣ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ወደብ መከፈት አለበት ብሎ ቢያስብ፣ ያሳሳተው ስያሜው ነው። ተርጓሚ ቃል ከመምረጡ አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ይመርምር፤ ከዚያም ስያሜውን ከግሡ ጋር አጣምሮ ይፈትነው።