የቤዚክ ኮድ በአጠራሩ ይታወቃል

የአንድን ሰው የቪዥዋል ቤዚክ ኮድ ለመመዘን የሚቸኩል ሰው ፕሮሲጀሮች የሚጠሩባቸውን መስመሮች ብቻ ተከትሎ ቢያይ ብዙ ነገር ያገኛል። ቋንቋው እዚያ ላይ ለጻፊው ምርጫ ትቶለታል፤ «ኮል» የሚለውን ቃል ከስሙ ፊት ማስቀደምም መተውም ይቻላል። ክርክሩም ብዙ ጊዜ ቃሉ ላይ ነው፤ አንዱ ወገን ኮዱን ግልጽ ያደርጋል ይላል፣ ሌላው ትርፍ ነው ይላል። ሥራውን የሚያውቅ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ቅንፉ ላይ ነው።

ኤክሴል ውስጥ ያለውን የቪዥዋል ቤዚክ ዓይነት፣ ቪቢኤን፣ እንውሰድ። ሕጉ አጭር ነው፤ «ኮል» ካለ አርጊውመንቶቹ በቅንፍ ይገባሉ፣ ከሌለ ያለ ቅንፍ ይጻፋሉ። ለንባብ እንዲመች ስሞቹን በአማርኛ እናድርጋቸው፦

ኮል ግብር_ቀንስ(ደመወዝ)
ግብር_ቀንስ ደመወዝ

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሥራቸውም አንድ ነው። ሦስተኛው ግን መንታ መስሎ ይለያል፦

ግብር_ቀንስ (ደመወዝ)

እዚህ ላይ ቅንፉ የጥሪው አካል አይደለም። «በውስጤ ያለውን አስላና ውጤቱን ብቻ ላክ» የሚል ትእዛዝ ነው። ቪቢኤ ሌላ ካልተባለ በቀር ቫሪያብልን የሚያስተላልፈው በባይሬፍ ስለሆነ፣ የተጠራው ፕሮሲጀር የጠሪውን ቫሪያብል መለወጥ ይችላል። ደመወዙ 10,000 ቢሆንና ፕሮሲጀሩ ወደ 8,500 ቢያወርደው፣ ከሁለቱ የመጀመሪያ መስመሮች በኋላ 8,500 እናገኛለን። ከሦስተኛው በኋላ ግን የተቀነሰው ጊዜያዊው ቅጂ ነውና ደመወዙ 10,000 እንዳለ ይቆያል። የስሕተት መልእክት የለም፤ ሒሳቡ ብቻ ይዛባል። የተላከው የኤክሴል ሬንጅ ከሆነ ደግሞ በዕቃው ፋንታ ሴሉ የያዘው ዋጋ ይሄዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ አንዲት ባዶ ቦታ ናት። የቪቢኤ ኤዲተር እንዲህ ያለውን ቅንፍ ሲያይ ከስሙ ነጥሎ ያርቀዋል፤ «ኮል» ባለበት መስመር ግን ስሙና ቅንፉ ተያይዘው ይቀራሉ። ያቺን ክፍተት አይቶ ያለፈ ሰው ቅንፉን ከሌላ ቋንቋ በልማድ ይዞት መጥቷል ማለት ነው። አርጊውመንቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ልማዱ አይጋለጥም፤ ሁለት ሲሆኑ ኤዲተሩ መስመሩን አልቀበልም ይላል።

ሁለተኛው መለያ ወጥነት ነው። ፋይሉ ሙሉ በ«ኮል» ቢጠራም፣ ሙሉ ያለ «ኮል» ቢጠራም ነቀፋ የለውም። አንዱ መስመር ቃሉን ይዞ ቀጣዩ ሲጥለው ግን አንባቢ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ይመስለውና ምክንያት ፍለጋ ጊዜውን ያጠፋል። ጥሩ ሠራተኛ ከልምዱ የሚወጣው ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት አንዱ ይኸውና፦ በቪቢኤ መስመሩ በፕሮሲጀር ስም ጀምሮ ወዲያው ሁለት ትእዛዞችን በአንድ መስመር የሚለየው ሁለት ነጥብ (:) ከተከተለው፣ ስሙ እንደ ጥሪ ሳይሆን እንደ ሌብል ይቆጠራል፤ ፕሮሲጀሩም ሳይጠራ ይታለፋል። «ኮል» ከፊቱ ከገባ ጥሪነቱ አያጠራጥርም። ከዚያም የሚሻለው ሁለቱን ትእዛዞች በሁለት መስመር መጻፍ ነው።

ምርጫው በሁሉም የቤዚክ ዘር አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። በቪቢ ዶት ኔት ጥሪው በ«ኮል»ም ያለ «ኮል»ም በቅንፍ ይጻፋል፤ አርጊውመንቱም ሌላ ካልተባለ በባይቫል፣ ማለትም በቅጂ፣ ይሄዳል። ማይክሮሶፍትም ቃሉን የሚመክረው ጥሪው በስም በማይጀምርበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ በ«ኒው» አዲስ ዕቃ ፈጥሮ ወዲያው ሜተዱን ለመጥራት። በዚህ ቋንቋ ከየመስመሩ ፊት «ኮል» የሚደረድር ሰው ከድሮው ቪዥዋል ቤዚክ የመጣ መሆኑን ያሳያል፤ ኮዱን ግን አይጎዳውም።

ሊተዉ የሚችሉ ቃላት ሁሉም እኩል አይደሉም። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በ1964 እ.ኤ.አ. በዳርትመዝ ኮሌጅ ባስጀመሩት ቤዚክ፣ ለቫሪያብል ዋጋ ለመስጠት «ሌት» ግዴታ ነበር። በኋላ ሲቀር ያጎደለው ነገር የለም፤ የእኩል ምልክቱ ሥራውን ይናገራል። ባይሬፍንና ባይቫልን በፕሮሲጀሩ ራስጌ ላይ መጻፍ ግን፣ ግዴታ ባይሆንም፣ የማን ዋጋ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ይነግራል። በጥሪው ላይ አርጊውመንቱን በስሙ መጥራትም እንዲሁ ነው፤ «እውነት፣ ሐሰት፣ እውነት» ተብሎ የተደረደረ ጥሪ ራስጌውን ሳያዩ አይነበብም፣ «አትም:=እውነት» የሚለው ግን ይነበባል።

ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የፕሮሲጀሩ ስም ነው። በጥንቱ ቤዚክ «ጎሰብ 500» የሚል መስመር ጥሪ መሆኑን በግልጽ ቢናገርም፣ ምን እንደሚጠራ ግን አይናገርም። ዛሬም «ኮል ሥራ2(ሀ, ለ)» ብሎ የጻፈ ሰው ያው እዚያው ነው። ስለዚህ ኮድ ሲገመገም «ኮል»ን በሐሳብ አንስቶ መስመሩን ማንበብ ይበጃል። ትርጉሙ ካልተነካ ስሙ ችሏል፤ ቃሉ መኖሩም አለመኖሩም የጻፊው ጣዕም ነው። ከደበዘዘ ግን መታረም ያለበት ስሙ ነው።