ጥሩ ቅባት በምን ይታወቃል?

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወደሚገኝ ፋርማሲ ጎራ ብለው መደርደሪያውን ቢቃኙ የሚያዩት ከሞላ ጎደል ፋብሪካ ያሸገው መድኃኒት ነው። የጆርጂያው ተወላጅ ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ላይ ፋርማሲውን ሲከፍት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ፋርማሲስት ማለት የሚመዝን፣ የሚወቅጥ፣ የሚያዋህድ ሰው ነው። ያ ሙያ ዛሬ ተርፎ የምናገኘው የቆዳ ሐኪም አዝዞት በሚዘጋጅ ቅባት ላይና ብዙዎቻችን ልብ በማንለው የሕፃናት ሽሮፕ ላይ ነው። የፋብሪካ ማሸጊያ በሌለበት ለጥራቱ ዋስ የሚሆነው የአዘጋጁ እጅ ነውና እጁን መመዘን ማወቅ ይጠቅማል።

ለጭርት የሚታዘዘውን የዊትፊልድ ቅባት እንውሰድ። በ100 ግራም ውስጥ 6 ግራም ቤንዞይክ አሲድና 3 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ አለ፤ የቀረው ማዋሃጃ ቅባት ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዱቄቱ በደንብ ካልላመ ግን እንደ ጓጎለ ገንፎ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጎበዝ ባለሙያ ዱቄቱን አድቅቆ ይነፋዋል፣ በጥቂት ፈሳሽ ፓራፊን ያሸዋል፣ ከዚያም ማዋሃጃውን በአንድ ጊዜ አይገለብጥበትም። መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር እኩል የሚሆን፣ ቀጥሎ ደግሞ የድብልቁን ያህል፣ እንዲያ እያለ ይጨምራል። ይህን የዘለለ ሰው የሚያስረክበው ዕቃ አንዱ ጥግ የሚያቃጥል፣ ሌላው ጥግ ባዶ ቅባት ነው። ታካሚው ደግሞ “መድኃኒቱ አልያዘልኝም” ብሎ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል።

መፈተኑ አያስቸግርም። ትንሽ ቆንጥረው ንጹሕ መስታወት ላይ በስሱ ይቀቡትና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ፍሬ ከታየዎት ይመልሱት። ለእከክ የሚዘጋጀው የድኝ ቅባት ራሱን ያጋልጣል፤ ቢጫው ወጥ ካልሆነና ዥንጉርጉር ካለ አልተዋሃደም። ሽታን ብዙ አይመኑ። ሽቶ የበዛበት ቅባት ሲገጥመኝ እኔ በበኩሌ ምን ሊሸፍን ነው እላለሁ።

ክሬም ከቅባት ይለያል፤ ውሃና ዘይት ተስማምተው የሚኖሩበት ነው። ከላዩ ውሃ ካቀረረ ወይም እንደ ተቆረጠ ወተት ከሆነ ስምምነቱ ፈርሷል፤ በጣት ቢያማስሉት አይመለስም። ካላሚን ሎሽን ግን ቢዘቅጥ አይደንግጡ፣ ተፈጥሮው ነው። ሲነቀነቅ ወጥ ሆኖ መነሣቱን፣ ከታች ደርቆ የተጋገረ አለመኖሩን ብቻ ይዩ።

አሁን ወደ ሕፃናቱ ጠርሙስ። የአሞክሲሲሊን ዱቄት የሚበጠበጥበትን መንገድ አይቼ የአንድን ፋርማሲ ጠባይ እገምታለሁ። ጥሩ ባለሙያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ያላቅቃል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከፊሉን ጨምሮ ይነቀንቃል፤ አረፋው እስኪወርድ ይታገሣል፤ ከዚያ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ቸኳዩ አረፋውን ውሃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ውሃው ሲጎድል እያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ይከብዳል፣ ሲበዛ ይቀጥናል፤ ጥፋቱን ግን ቤት ሲደርሱ በዓይን አይለዩትም። ሁለት ጠርሙስ ከታዘዘ ሁለተኛው ደረቅ እንደሆነ ይሰጥዎት። ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው እንደየአምራቹ መመሪያ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነውና አብሮ መበጥበጡ ብክነት ነው። የሻይ ማንኪያ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠይቁ።

ስለ ማስቀመጥ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ መክተት። ክሬም በረዶ ከነካው ይፈርሳል፣ ቅባት ደግሞ ይጠጥራል። በሌላ በኩል በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ቅባት ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ዱቄቱ ይዘቅጣል፣ ተመልሶ ቢረጋም እንደ በፊቱ አይሆንም። የዝግጅቱን ዕድሜ የሚወስነው በዋናነት ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ደንብ፣ የተለየ ጥናት ለሌለው ዝግጅት ጣሪያ ያስቀምጣል፦ ማቆያ ያልገባበት ውሃማ ዝግጅት በፍሪጅ 14 ቀን፣ ማቆያ ያለው 35 ቀን፣ ውሃ የሌለው ቅባት 180 ቀን። “ዓመት ይቆያል” ተብሎ የተሰጠዎት ክሬም ካለ ሰጪውን ይጠርጥሩ።

ዕቃውም ይመሰክራል። በሃይላንድ የተቀዳ የቆዳ መድኃኒት ሕፃን ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል፤ ለዚህ ማመካኛ የለም። በሦስት ቀን ፊት ያጠራል ተብሎ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠውን ድብልቅማ እጅዎ አይንካው። ቆዳ የሚያሳሳ ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖርበት ይችላል።

ስለዚህ ከመስኮቱ ሳይርቁ ጽሑፉን ያንብቡ፦ የእርስዎ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የተዘጋጀበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አቀማመጡ፣ ያዘጋጀው ሰው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ እዚያው ያስጽፉ። አልጽፍም ካለ ገንዘብዎን ተቀብለው ይውጡ።