ገላጣው ኮረብታ፣ ጥላማው ሸጥና ያልተጠየቀው ወዳጅ

ተፈጥሮን የሚገልጽ ግጥም ለሒስ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሥዕሉ ያምራል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። በሥዕሉ ውስጥ የቆመው ሰው ማን እንደሆነና ስለ እርሱ ሲነገር የራሱ ድምፅ ተሰምቶ እንደሆነም መመርመር ያሻል። ለዚህ ምርመራ የሚመች አንድ ሥራ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የጻፈውና «ይህ የሊንደን ዛፍ ጥላ፣ እስር ቤቴ» የተሰኘው ባለ 76 መስመር ግጥም ነው። ኮልሪጅ «ኩብላ ካን» በተባለው ሌላው ግጥሙ ውስጥ ባለ ክር መሣሪያ የምትጫወት የሐበሻ ልጃገረድን ያስገባ ገጣሚ ነው።

የግጥሙ መነሻ ቀላል የቤት ውስጥ አደጋ ነበር። ገጣሚው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ በኔዘር ስቶዊ መንደር ይኖር ነበር። በጁላይ 1797 እ.ኤ.አ. ወዳጁ ቻርልስ ላምብ ከለንደን ሊጠይቀው በመጣበት ሰሞን ባለቤቱ ሳይታሰብ የፈላ ወተት እግሩ ላይ አፈሰሰችበት። እንግዶቹ የኳንቶክን ኮረብቶች ሊጎበኙ ሲወጡ እርሱ በጎረቤቱ በቶማስ ፑል የአትክልት ቦታ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቀረ። እግሩ ያልሄደበትንም መንገድ በሐሳቡ ተጓዘ።

የኳንቶክ መልክዐ ምድር ሁለት ተቃራኒ ገጽታዎች አሉት። አናቱ ነፋስ የሚገርፈው ገላጣ ሲሆን የአስታ ዘመድ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ ለብሷል። ጎኖቹ ግን በጠባብና በጥልቅ ሸጦች የተሰነጠቁ፣ በባሉጥ ዛፎች የተሸፈኑና ከነፋስ የተጠለሉ ናቸው። የግጥሙ ቅርጽ ይህንኑ አቀማመጥ ይከተላል። ተጓዦቹ በመጀመሪያ ገላጣውን ያቋርጣሉ፤ ከዚያም ወደ ሸጡ ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ባሕር ወደሚታይበት ሰፊ ሰማይ ይወጣሉ። በሸጡ ውስጥ ፀሐይ አጥቶ የቀጨጨ አንድ ዛፍ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ተጋድሞ ድልድይ ሆኗል። ቅጠሎቹን የሚያንቀጠቅጣቸው ዐውሎ ነፋስ ሳይሆን የፏፏቴው እስትንፋስ ነው። ረዣዥም አረሞችም ውኃ ያንጠባጥባሉ። አንባቢው ከዚህ ጨለማና እርጥበት ወጥቶ ብርሃኑን ሲያገኝ የሚሰማው እፎይታ ከመልክዐ ምድሩ የተገኘ እንጂ በቃላት ጋጋታ የተፈጠረ አይደለም።

ገጣሚው ያልተጓዘበትን ጉዞ እንዲህ አድርጎ ሊስል የቻለው ቦታውን አስቀድሞ በእግሩ ስላወቀው ነው። ዕውቀቱንም ለማጥለቅ ደክሟል። በዚያው ወር ለሮበርት ሳውዚ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ሸጡ በጥቂት መስመሮች ብቻ የተነካ ሲሆን፣ ግጥሙ በ1800 እ.ኤ.አ. በታተመ ጊዜ ግን ሰፍቶና ዝርዝሩ ጠርቶ ይገኛል። ይህ ለማንኛውም የኪነ ጥበብ ሰው ትምህርት ነው። ምናብ ከዕውቀት ይወለዳል፤ በትዕግሥትም ይታረማል።

ይሁን እንጂ ለሸጡ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው አልተደረገም። ላምብ በለንደን በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። በ1796 እ.ኤ.አ. እኅቱ በአእምሮ ሕመም ተይዛ እናታቸውን ስለገደለች ከባድ ሐዘን ላይ ነበር። ኮልሪጅ ይህን ሰው ለዓመታት በከተማ ታጉሮ ተፈጥሮን የተራበ አድርጎ ይስለዋል፤ ሦስት ጊዜም ገር ልብ ያለው እያለ ይጠራዋል። ላምብ ግን ግጥሙ በታተመ ጊዜ ይህን ቅጽል እንዲያነሣለት በደብዳቤ ጠየቀው። በ1801 እ.ኤ.አ. ለዊልያም ወርድስወርዝ በጻፈው ደብዳቤም ተራራ ባያይ ግድ እንደሌለው፣ የሚወደው የለንደንን ጎዳናዎችና ግርግር መሆኑን ገለጸ። ስጦታው የተሰጠው ሰጪው በገመተው ችግር እንጂ ተቀባዩ በተናገረው ፍላጎት መሠረት አልነበረም።

ሌላም ጉድለት አለ። የኳንቶክ ባሉጥ ለከሰልና ለቆዳ ማልፊያ ቅርፊት ሲባል በየጊዜው እየተቆረጠ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ የሠራተኛ እጅ ያረፈበት ጫካ ነበር። በግጥሙ ሸጥ ውስጥ ግን መጥረቢያም ከሰል አክሳይም የለም። በዚያው አካባቢ፣ በአልፎክስደን ተከራይቶ ይኖር የነበረው ወርድስወርዝ በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። በ1798 እ.ኤ.አ. በታተመው «ሊሪካል ባላድስ» ውስጥ የሚገኘው «የመንጋው የመጨረሻ» የተባለው ግጥሙ መነሻው በሆልፎርድ መንደር የደረሰ ነገር ነው። በግጥሙ ውስጥ አንድ እረኛ የቀረችውን አንዲት በግ ተሸክሞ እያለቀሰ ይታያል። በጎች ስላሉህ ድኻ አይደለህም ተብሎ እርዳታ ስለተነፈገ ልጆቹን ለመመገብ መንጋውን አንድ በአንድ ሸጧል። ይህን የሚናገረው ራሱ እረኛው ነው። ገጣሚው ጠይቆ ያዳምጣል። ግጥሙ የኮልሪጅን ሸጥ ያህል የጠራ ሥዕል ባይኖረውም የሰው እውነት አለው።

ኳንቶክ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ መልክዐ ምድር ሲሆን ዛሬም መንገደኞች ገላጣውን አቋርጠው ወደ ሸጦቹ ይወርዳሉ። ውበቱን ለማየት ኮልሪጅን የሚተካከል መሪ አይገኝም። ለመምህሩም ሆነ ለደራሲው የሚበጀው ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን ማንበብ ነው። አንደኛው ዛፍን እንዴት ማየት እንደሚገባ ያስተምራል፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ከመናገር በፊት ሰውን መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራል።